የእርሾው ጠርሙስ

ኢስፋሃን፣ መህር 28 ቀን 1377

ዳዪ ጃን፣ የእናቴ ወንድም፣

ጤናዎን፣ የጉልበትዎን ሕመምና የአንዛሊን ዝናብ በአንድ ትንፋሽ ጠይቄያለሁ። ለሁሉም "ደህና ነው" እንደሚሉኝ ስለማውቅ አስቀድሜ አላምንዎትም። ሁለት ደብዳቤዎን ያለ መልስ በማቆየቴ አፍሬያለሁ። ባሌ ቤህዛድማ "አጎትሽ የሞትሽ መስሎት እስካሁን የሙት ሐልዋሽን አሠርቶ ለጎረቤት አድሏል" ይለኛል።

አሁን የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ሰውየው መጥቷል። አቶ ደህደሽቲ ይባላል፤ ወደ ማስተማር ልመለስ ብለው ያስገቡትን ይግባኝ የሚመረምረው እሱ ነው። ትናንት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቹን ስለ ጠባይዎ ሲጠይቅ ቆይቶ የእኛን በር አንኳኳ። መቼም ቤቱ የእርስዎ ነው፣ እኛ አደራ ጠባቂዎች ነን። ሻይ ቀዳሁለት። እርስዎ ያስተማሩት ልጅ ሁሉ ኬሚስትሪን እንደማይረሳ ሰዎች እንደነገሩት ሲያወራኝ ደስ አለኝና በሁለተኛው ብርጭቆ ላይ የተሻለውን ስኳር አቀረብኩ። ከዚያ የመስታወት የዓሣ ገንዳዎን አየ። ከገንዳው የሚወጣውን ቱቦ አየ። ቱቦውን ተከትሎ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለና ጠርሙሱን አገኘው።

ስኳር፣ የዳቦ እርሾና ለብ ያለ ውሃ፤ ልክ እርስዎ እንዳዘዙኝ። ክዳኑን ፈትቶ አሸተተው። ምን እንዳሰበ ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። መጠጥ በተከለከለበት በዚህ አገር ስኳርና እርሾ በጠርሙስ ዘግቶ የሚያፈላ ሰው ምን እንደሚጠምቅ ሕፃን ያውቃል፤ ያውም አረቄ አውጥቷል ተብሎ ከትምህርት ቤት በተባረረ ሰው ቤት።

እርሾው ስኳሩን ሲበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጣ፣ ገንዳው ውስጥ ያሉት ተክሎች በዚያ ጋዝ እንደሚኖሩ፣ ያለ እሱ ገንዳው የእንቁራሪት ኩሬ እንደሚሆን አስረዳሁት። መነጽሩን አደረገና ገንዳው ውስጥ ያለውን የቱቦ ጫፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"እህቴ፣ ጋዙ ውሃው ውስጥ ይገባል ይላሉ። እኔ የማየው ግን ሲወጣ ነው" አለኝ።

እውነቱን ነው። አተር የሚያህል አረፋ ከቱቦው ብቅ ይላል፣ ሽቅብ ይሮጣል፣ ላይ ደርሶ ይፈነዳል። ተክሎቹም ጫፋቸው ጥቁር ጸጉር የመሰለ አልጌ አብቅሎ ቆመዋል። እርሾው ሲያልቅ ፈሳሹን ምን እንደማደርገው ጠየቀኝ፤ እደፋዋለሁ አልኩት። ስደፋ ማን እንዳየኝ ጠየቀኝ። በእጅዎ የጻፉልኝን የእርሾ ልክ ከግድግዳው ላይ አንሥቶ በኪሱ ከተተና በሚመጣው ወር አባን 25፣ ሰኞ ዕለት እንደሚመለስ ነገረኝ። ተክሉ በእርግጥ ጋዙን የሚመገብ ከሆነ ያን ቀን ላሳየው፤ ካልሆነ ያየውን ይጽፋል። ከጻፈ ደግሞ ያ የአሥራ አንድ ዓመት መጥፎ ስም ከእርስዎ ጋር ይቀበራል።

እሱ ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር እኔ ልጠይቅዎ። ያን ጊዜ የተባለው ሐሰት ነው አይደል? እናቴ ነፍሷን ይማረውና ሁሌም እንደዚያ ትል ነበር፤ ግን ከአፍዎ ሰምቼው አላውቅም።

ላዳን


አንዛሊ፣ አባን 3 ቀን

ዳዪ ጃን፣ ላዳኔ፣

ቤህዛድ "እናንተ ቤት አጎትም ዳዪ፣ የእህት ልጅም ዳዪ፤ ነፍስ ሊወስድ የመጣ መልአክ ሳይሳሳት አይቀርም" ያለውን አልረሳሁም። ሰላም በይልኝ።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ጉድ የፈላው በእኔ እርሾ ነው። ስልክ ያልደወልኩት ንቄሽ አይደለም። የምሠራበት የዓሣ ማርቢያ ስልክ ከባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እዚህ ደግሞ ከኢስፋሃን ለምን እንደመጣሁ የሚያውቅ ሰው የለም። እዚህ እኔ ዓሣ የሚመግብ ሽማግሌ ነኝ፣ ሌላ አይደለሁም።

አቶ ደህደሽቲን አትቀየሚው። ያየው ትክክል ነው፤ ብዙ ተማሪዎቼ ያላዩትን ነው ያየው። ጋዝ ውሃ ውስጥ መቀመጥ አይወድም። የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንዴት እንደሚቸኩል ታውቂያለሽ። የአንቺ አረፋ ትልቅ ነው፣ መንገዱም አጭር ነው፤ ውሃው ሳይቀምሰው ያልፋል። ትንሽ አረፋ፣ ረጅም መንገድና ጸጥ ያለ ውሃ ያስፈልግሻል።

ስለዚህ ዛሬውኑ የገንዳውን ውሃ ማጣሪያ መውጫ ዝቅ አድርጊው። ውሃው እንደ ፏፏቴ ከላይ እየወደቀ ከሆነ ያገኘሽውን ጋዝ ሁሉ መልሶ ያባርረዋል። ከዚያ ከእናትሽ ወገበ ቀጭን የሻይ ብርጭቆዎች አንዱን ገንዳው ውስጥ በውሃ ሙዪና አፉን ወደ ታች ገልብጠሽ ከመስታወቱ ጋር አስጠጊው። የቱቦውን ጫፍ ከሥሩ አስገቢ። አረፋው መውጫ ያጣና ብርጭቆው ውስጥ ይታሰራል፤ ውሃው ደግሞ ከሥር እየላሰ ይበላዋል። ሰው ገንዘቡ ሲጠፋ "ውሃ በላው" ብሎ ያለቅሳል፤ እኛ የምንፈልገው በትክክል ውሃ እንዲበላው ነው።

ያረጀውን ፈሳሽ ስትቀይሪ የማይጠጣ እንዲሆን አንድ ሲኒ ኮምጣጤ ጨምሪበትና ድፊው። አቅደስ ኻኑም ከጎረቤት መጥታ ትመልከት። እሷ ያየችውን ሠፈሩ ሁሉ ያየዋል።

ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል፣ ላዳን። ሁለት ዓመት ብቻ ጠመኔ ይዤ ልቁም፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይሁን። ብርጭቆው እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።

አጎትሽ ኢረጅ


ኢስፋሃን፣ አባን 9 ቀን

ዳዪ ጃን፣

ብርጭቆው መጀመሪያ ተአምር ሠራ። ጠዋት በጋዝ ተሞልቶ ነበር፤ እስከ ቀትር ግማሹ ጠፋ፤ ቤህዛድ ጓዳ ድረስ እየተጣራ "ውሃ በላው፣ ውሃ በላው" አለ። በሦስተኛው ቀን ግን ቆመ። ብርጭቆው ሞልቶ ከዳሩ ያመልጣል፣ እንደ ድሮው ላይ ወጥቶ ይፈነዳል። ውሃው ጠገበ እንዴ? ተክሎቹ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶኛል።

አቅደስ ኻኑም ስደፋ ቆማ አየች። አፍንጫዋን በመጎናጸፊያዋ በቻዶሯ ይዛ "ምን የሚባል ሰላጣ ነው ይሄ?" አለችኝ። በማግስቱ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሦስት ሴቶች ስለ እርሾ ዋጋ ጠየቁኝ፤ እርስ በርስ ሲተያዩም አየሁ። ቤህዛድ እርሾውን ትተን ኮምጣጤና የመጋገሪያ ሶዳ ብንቀላቅል ያው ጋዝ ይወጣል፣ ማንም አይጠረጥረንም ይላል። ልክ ነው? ለምን እንደሱ አላዘዙኝም?

ደግሞ አንድ ጥያቄዬን ዘለውታል። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ገልብጬ ፈለግኩት። ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር መጠየቄ አስቀይሞዎት ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ይቅርታ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ትዕግሥት የለኝም።

ላዳን


አንዛሊ፣ አባን 14 ቀን

ላዳኔ፣

ውሃው አልጠገበም። ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ውሃው የማይወደው ተራ አየር ነው፤ ከገንዳው እየወጣ ቦታውን ያዘው። በየጠዋቱ ብርጭቆውን ጋደል አድርጊና አየሩን ልቀቂው፣ እንደገና ይሠራል። ግን ለሰኞው ይህ አይበቃንም። ቱቦውን ከብርጭቆው አውጥተሽ በማጣሪያው ውሃ መሳቢያ አፍ ውስጥ አስገቢው። ሞተሩ አረፋውን እንደ ሽንኩርት ይከትፈዋል፤ ከሌላው ጫፍ ጭጋግ ሆኖ ይወጣል፣ ጭጋጉም ላይ ሳይደርስ ይጠፋል። ሞተሩ ትንሽ ያጉረመርማል፤ አትፍሪው።

ልኩን በዓይንሽ የምታዪበት መላ ደግሞ አለ። ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅይ፣ ውሃውን በተጣራ ውሃ አቅጥኚ፣ ሰማያዊ እስኪሆን በጣት ጫፍ ሶዳ ጨምሪ። በትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ እስከ ግማሽ አድርጊ፣ ጠርሙሱን ሳትገለብጪ በተደፋ ብርጭቆ ውስጥ አስረሽ ገንዳው ውስጥ ስቀዪው፤ በጎመኑ ውሃና በገንዳው ውሃ መካከል አየር ይኑር። ጋዙ ብቻ በአየሩ በኩል ይሻገራል። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ተክሎቹ ተርበዋል። ሐምራዊ ሲሆን ልክ ነው። ወደ ቀይ ካደላ ዓሦቹ ይታፈናሉ። ዓሣ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ካየሽ ጊዜ አትስጪ፤ ቱቦውን ነቅለሽ ውሃውን አማስዪው። አንድ የእርሾ ጠርሙስ ይበቃሻል፣ ሁለተኛ እንዳትጨምሪ።

ኮምጣጤና ሶዳ ቱግ ብሎ ያልቃል፤ እርሾ ግን ሁለት ሳምንት እንደ ክር ይፈትላል። ከዚህም ሌላ አሁን ብትቀይሪው የሸሸሽ ይመስላል። ያየው ጠርሙስ እዚያው ይቆየው።

ስለ ሌላው ጉዳይ፣ እናትሽ የሚባለውን ሁሉ ብላለች። ከእሷ የተሻለ ጠበቃ አልነበረኝም።

ኢረጅ


ኢስፋሃን፣ አባን 20 ቀን

ዳዪ ጃን፣

ልደብቅዎ አስቤ ነበር። ቤህዛድ "አትንገሪው፣ ሰውየው ልቡ ደካማ ነው" አለኝ። ግን አልችልም።

ሁለተኛ ጠርሙስ ጨመርኩ። አንዱ ልክ ከሆነ ሁለቱ ይበልጥ ልክ ይሆናል ብዬ ነው፤ ፍርሃት እንዲህ ያደድባል። ትናንት ጠዋት ስነሣ የጎመኑ ውሃ ሮዝ ሆኗል፣ ዓሦቹ በሙሉ ላይ ተኮልኩለው አፋቸውን ይከፍታሉ። ቱቦውን ነቀልኩ፣ በባልዲ እየቀዳሁ ከላይ አፈሰስኩ። ስድስቱ ተረፉ። መልአክ የምንላት አሮጊት ዓሣ፣ ከመሄድዎ በፊት በእጅዎ ይመግቧት የነበረችው፣ አልተረፈችም። ከሮማኑ ዛፍ ሥር ቀበርኳት። አለቀስኩ፤ ለዓሣ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዎታል።

አሁን አንድ ጠርሙስ ነው። ቀለሙ ሐምራዊ ነው። ቤቱ ጎመን ጎመን ይሸታል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ቅጠል ላይ የስፒል ራስ የምታህል የምታበራ አረፋ አየሁ። አንዲት ብቻ ናት። አምስት ቀን ቀርቷል።

ላዳን


ኢስፋሃን፣ አባን 26 ቀን

ዳዪ ጃን፣

ይህን ደብዳቤ ቆመው አያንብቡት።

አቶ ደህደሽቲ ትናንት በሰዓቱ መጣ። መብራቱን ከጠዋት ጀምሮ አብርቼው ነበር። ወንበር ስቦ ገንዳው ፊት ተቀመጠና ሁለት ሰዓት ሙሉ ከዚያ አልተነሣም። ከቱቦው እስከ ውሃው ፊት ድረስ በጣቱ ተከተለ፤ አንድም የምትፈነዳ አረፋ አላገኘም። ጭጋጉ መሃል ላይ ይጠፋል። የት ሄደ ብሎ ሲጠይቀኝ "ውሃ በላው" አልኩት፤ ፈገግ አለ። ሦስተኛውን ሻይ ሲጠጣ ቅጠሎቹ ጀመሩ። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው፣ በመጨረሻ የገንዳው ወለል በሙሉ። ከእያንዳንዱ ጫፍ ዕንቁ የመሰለ ጥቃቅን አረፋ እየተሳበ ይወጣል። ሰውየው ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ።

"ይተነፍሳል" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

ኮምጣጤ የገባበትን አሮጌ ፈሳሽ አሸተተና ይህን የሚጠጣ ሰው ቢገኝ እንኳ ቅጣቱን አስቀድሞ ተቀብሏል አለኝ። ከግድግዳው የወሰደውን ጽሑፍዎን መለሰልኝ። ቤህዛድ ሊያቅፈው ምንም አልቀረው።

ዳዪ ጃን፣ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። ገንዳው ንጹሕ ነው፣ ይህን እጽፋለሁ አለ። መዝገቡ ግን ስለ ገንዳው ሳይሆን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሆነ ስለተባለው ነገር ነው። ያኔ ያየ ምስክር የለም፣ የተያዘ ጠርሙስም የለም። አንድ የሥጋ ዘመድ ቁርአን ላይ እጁን ጭኖ "አላደረገም" ካለ የይግባኝ ኮሚቴው ይቀበላል። ቀኑ የዛሬ ሳምንት፣ አዛር 3፣ ማክሰኞ ነው። ያ ካለፈ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሚመጣው ዓመት ነው፤ ለእርስዎ ያኔ ምን ይጠቅማል? እሄዳለሁ አልኩት። በሩ ላይ ደርሶ ጫማውን ሲያደርግ ቀና አለ።

"እህቴ፣ ከመምጣትዎ በፊት አጎትዎን ይጠይቁ" አለኝ።

ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅዎታለሁ። ደብዳቤ አራት ቀን ስለሚፈጅ መልሱን አይጻፉት። ለአቅደስ ኻኑም ስልክ ይደውሉ፤ ቁጥሩን ከታች ጽፌዋለሁ። ዝርዝር አያስፈልግም። "ትሂድ" ወይም "አትሂድ" ይበሏት፣ እሷ የሐኪም ቀጠሮ ይመስላታል። ካልደወሉ "ሂጂ" እንዳሉኝ እቆጥረዋለሁ። ይህን ስጽፍ መልሱን የማውቀው ይመስለኛል፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደ እርስዎ የማምነው ሰው የለኝም።

ላዳን


አንዛሊ፣ አዛር 1 ቀን

ላዳን፣

አትማዪ። መጀመሪያ ይህ ይጻፍ፣ ሌላው ይከተል።

አድርጌዋለሁ። ሚስቴ በሞተች ክረምት ነው። ከዘቢብ ጠምቄ ተማሪዎቼ ውሃ በሚያጣሩበት የመስታወት ዕቃ፣ በዚያው ቤተ ሙከራ አወጣሁት። አንድ ጊዜ ቢሆን ስሕተት ነበር እልሽ ነበር፤ እስከ አዲሱ ዓመት፣ እስከ ኖሩዝ ድረስ በየሳምንቱ ነበር። የእርሾውን ልክ እንዲያ በቃሌ የማውቀው ከየት እንደሆነ አንድ ቀን ትጠይቂኛለሽ ብዬ እፈራ ነበር።

ሲጠይቁኝ ካድኩ። እናትሽ ኮሚቴው በር ላይ ቆማ "ወንድሜ አያደርገውም" ስትል ሰማኋት፤ ከዚያ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ስትሞት እጇን ይዤ ነበር። ያኔም አልነገርኳትም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ጠዋት ነው። ቁጥሩን ይዤ ከተማ ስልክ ቤት ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተመለስኩ። ከዚያ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ፤ ይህ አራተኛው ነው። ማስተማር እፈልጋለሁ ላዳን፣ ይህንንስ አልክድሽም፤ ሌሊት ሌሊት በሕልሜ የተማሪዎች ስም እጠራለሁ። ግን አንቺ አትማዪ።

ኢረጅ


ኢስፋሃን፣ አዛር 5 ቀን፣ ሐሙስ

አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። የማልኩት ማክሰኞ ነው።

ከቅዳሜ ጀምሮ በአቅደስ ኻኑም ሳሎን ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሰኞ ማታ "የምትጠብቂው ሐኪም ረሳሽ" አለችኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ዝምታዎን መልስ አድርጌ ወሰድኩት፤ እንዲያ አድርጌ እንደምወስደው ጽፌልዎ ነበር። ማክሰኞ ዕለት አቶ ደህደሽቲ አጎትዎን ጠይቀዋል ወይ አለኝ። ጠይቄያለሁ አልኩት። እጄን ጫንኩ፣ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ፤ የእናቴንም ስም ጨመርኩበት፣ ማንም ሳያዘኝ።

ሰልፉ ረጅም ነበር አሉኝ። ስንት ሰው ነበር? መልሱን ግን አልጠብቅም። አዛር 1 የተጻፈ ደብዳቤ አዛር 3 እንደማይደርስ እርስዎም እኔም እናውቃለን። "አትማዪ" ብለው መጻፍዎን አይቻለሁ። እንዳይደርስ አድርገው መጻፍዎንም አይቻለሁ። ተቆጥቻለሁ፣ አፍሬያለሁ፤ ከሁሉ የባሰው ግን ዓሦቹን ዛሬ ስመግብ እንዴት እንደሆኑ ለእርስዎ ለመጻፍ መቸኮሌ ነው። አባቴ አድርጎታል በማለቱ እናቴ ከእሱ ጋር ሰባት ወር አልተነጋገረችም። አባቴ ትክክል ነበር። ለእሱ ምን ብዬ ልንገረው? እንደማልነግረው አውቃለሁ።

ቤህዛድ ደብዳቤዎን አላነበበም። አቃጥዬዋለሁ። ሳላውቅ ስለማልኩ ኃጢአት የለብኝም ይባል ይሆናል፤ የሚነግረኝ ሰው ግን አልጠየቅኩም፣ ለመጠየቅ ማውራት ያስፈልጋልና።

ኮሚቴው ይግባኝዎን ተቀብሏል። ከዚህ ጋር የላክሁት ወረቀት የእነሱ ነው፤ አጭር ነው፣ የተባለውን ነገር እንዳላደረጉ ይናገራል። ከታች ስምዎን ጽፈው ወሩ ሳያልቅ ከመለሱት በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ክፍል ይገባሉ። ካልመለሱት መዝገቡ ይዘጋል፣ እኔንም ማንም አይጠይቀኝም። ይፈርሙ አልልዎትም፣ አይፈርሙ አልልዎትም። እኔ ሳላውቅ ማልኩ። እርስዎ የሚፈርሙት እያወቁ ነው።

ላዳን